ምሕረት በማን ዋጋ?

ሰው ለእንስሳ ሊራራ ይገባዋልን? ተብሎ ቢጠየቅ፥ በከተማ በወንበር ላይ ተቀምጦ አይገባውም የሚል ሰው አይገኝም። መልሱም የቀለለበት ምክንያት ጥያቄው ከመላሹ ምንም የማይወስድበት ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን ከዚህ ጥያቄ በስተኋላ ሌላ ጥያቄ ተሰውሮ ይገኛል፤ ይኸውም የርኅራኄው ዋጋ ከማን ኪስ ይወጣል? የሚለው ነው። እኔም ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ 30 ዓመት ያህል ሳስተምር አንድ ቀን እንኳ አንሥቼው አላውቅም ነበር። ያስነሣብኝም መጽሐፍ አይደለም፤ በጣና ባሕር በመረብ የተያዘች አንዲት ወፍና መረቡን የዘረጋው ዓሣ አጥማጅ ናቸው። አንባብያን ሆይ፥ ነገሩን እንደ ሆነው እነግራችኋለሁና ፍርዱን እናንተው ስጡ።

ባለፈው ጥር ወር በዘጌ የሚኖር የቅኔ ቤት ባልንጀራዬን ልጠይቅ ሄጄ ሳለሁ፥ ከጎረቤቱ አንድ ዓሣ አጥማጅ ጎሕ ሳይቀድ መረቡን ሊያነሣ እንደሚወጣ ሰማሁ። ሐዋርያት ሌሊቱን ሁሉ ስለ ደከሙበት መረብ ብዙ ጊዜ አስተምሬአለሁ፤ መረብ ሲዘረጋና ሲነሣ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ አብሬው እንድሄድ ለመንሁት። እርሱም ዕድሜው 35 ዓመት የሚሆን፥ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። «ታንኳው ጠባብ ነው፥ የኔታ፤ ከተቀመጡበት እንዳይነቃነቁ እንጂ ይምጡ» አለኝ።

ታንኳው ከደንገል የተጠፈረ ስለ ሆነ ውኃው ከታች እየሰረገ ልብስን ያርሳል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ፥ ስፋቱም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ታላቅ ውኃ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከሁሉ በሚበዛበት ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። አዞ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች እንጂ በጣና አይታወቅምና፥ ዓሣ አጥማጅ በዚያ የሚፈራው አውሬ ጉማሬን ብቻ ነው።

ከዳር ጥቂት ፈቀቅ እንዳልን ሰውየው በድንገት መቅዘፉን ተወና እጁን አንሥቶ ዝም እንድል አመለከተኝ። እኔ የማየው ጭጋግ ብቻ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከፊታችን 20 ክንድ በማይሞላ ስፍራ ውኃው አበጠና ሁለት ጆሮዎችና ሁለት ዓይኖች ወጡ፤ ትንፋሹም እንደ ወናፍ ጮኸ። ሌሊቱን በየብስ ሣር ሲግጥ ያደረ ጉማሬ ነበር፤ ወደ ጥልቁ ውኃ ሲመለስ በመንገዱ ላይ ተገኝተንበታል። ይህ እንስሳ ዓሣ አጥምዶ አይበላም፥ የሰውንም ሥጋ አይሻም፤ ነገር ግን በእርሱና በጥልቁ ውኃ መካከል፥ ወይም በእናቲቱና በግልገልዋ መካከል የገባውን ታንኳ ይገለብጣል፥ በጥርሱም ሰው ይገድላል። ሰውየው ታንኳውን ቀስ አድርጎ ወደ ደንገሉ አስጠጋና መንገዱን ለቀቀለት። ጉማሬውም ጥቂት ተመለከተንና ሰጠመ።

እኔ ፈርቼ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበርና «ይህን ክፉ አውሬ በየቀኑ እንዴት ትችለዋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ክፉስ አይደለም፥ የኔታ። መንገዱን ከለቀቁለት ያልፋል» አለኝ።

ይህ ቃል በዚያ ሰዓት እንደ ተራ ነገር አለፈኝ። በኋላ ግን ሳስበው፥ ይህ ሰው በባሕሩ ላይ ብቻውን ባለቤት እንዳልሆነ ከእኔ ይልቅ የሚያውቅ መሆኑን ተረዳሁ።

ፀሐይ ስትወጣ ከመረቡ ደረስን። ሰውየው ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ እየሳበ ጥቂት ቆሮሶና አንድ አምባዛ አወጣ። ወደ መካከሉ በደረሰ ጊዜ መረቡ ከበደው፤ ታላቅ ዓሣ የመጣ መስሎትም ፊቱ በራ። የመጣው ግን ነጭ ክንፍ ነው። ከመንቈርዋ በታች ከረጢት ያላት፥ ፔሊካን የምትባለው ታላቅ ወፍ አንገትዋና አንድ ክንፍዋ በመረቡ ተተብትቦ በሕይወት ተገኘች። ከመረቡ ልትነጥቀው የመጣችው ቆሮሶም በከረጢትዋ ውስጥ ገና ይላወስ ነበር።

ይህችን ወፍ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ዐውቃት ነበር፤ ነገር ግን የማውቃት በመጽሐፍ ነው። ከጽርዕ ወደ ግእዝ በተመለሰው በፊሳልጎስ ውስጥ የሞቱ ልጆችዋን ጎንዋን ወግታ በደምዋ የምታስነሣ ወፍ ተብላ ተጽፋለች። በዚህም ምክንያት ስለ መሥዋዕትና ስለ ፍቅር ባስተማርሁ ቁጥር ምሳሌ አድርጌአታለሁ። አሁን ግን በፊቴ ያለችው ወፍ ዓሣ ዓሣ ትሸታለች፥ በላባዋም ውስጥ ቅማል ይርመሰመሳል፥ እጅ በቀረበባት ቁጥር ትነክሳለች። ጎንዋንም ለማንም አልወጋችም። በቢጫ ዓይንዋ ስታየኝ ምሳሌነትዋን የማታውቅ መሆንዋ ታየኝና አፈርሁ። ዓይንዋም በእውነት ቢጫ ይሁን ወይም የፀሐይዋ ብርሃን ያመጣው ይሁን እንኳ ለመለየት አልቻልሁም፤ ይህን ያህል ዘመን ስለ እርስዋ ተናግሬ ዓይንዋን አላውቀውም ነበርና።

ወፊቱ በተወራጨች ጊዜ ሁሉ ታንኳው ይዘነብል ነበር። ሰውየው ቢላዋውን መዘዘና ወደ እኔ ተመለከተ።

«የኔታ፥ ምን ላድርግ? መረቡን ልቁረጥ ወይስ አንገትዋን?»

እኔም ሳላስብ «መረቡን ቁረጥ እንጂ፥ ልጄ! ይህ ምን ያጠያይቃል?» አልሁ።

«መረቡ የተገዛው በብድር ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገረም። ጋቢውን አውልቆ ራስዋን ሸፈነ፤ ክንፍዋን በጉልበቱ ያዘና ክሩን አንድ በአንድ ቈረጠላት። በተፈታች ጊዜ በውኃው ላይ ጥቂት ተንሳፈፈች፤ ከዚያም ውኃውን በእግርዋ እየመታች ሮጣ ተነሣች። ቆሮሶውንም ይዛ ሄደች። በመረቡ ላይ የቀረው ቀዳዳ ሰው የሚያሳልፍ ነበር፤ በዚያ በኩል የነበረውም ዓሣ አመለጠ። በዚያ ቀን በታንኳው ውስጥ የቈጠርሁት ዓሣ 7 ብቻ ነው።

እኔም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፥ ትልቅ ጽድቅ ሠራህ» ብዬው ከታንኳው ወረድሁ። በዚያው ቀን ወደ ባሕር ዳር ተሻግሬ ከወዳጆቼ ጋር ለምሳ ተቀመጥሁ። የቀረበልን የተጠበሰ ዓሣ ነበር። የወፊቱንም ነገር እያሳመርሁ አወራሁላቸው፤ ሁሉም የእኔን ርኅራኄ አመሰገኑ። የምበላው ዓሣ ከማን መረብ እንደ ወጣ አልጠየቅሁም። ማታ ግን በመኝታዬ ላይ ሳለሁ ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ቀዳዳው በእርሱ መረብ ላይ ቀርቶ ምስጋናው ወደ እኔ መጥቷል።

እንግዲህ ነገሩን እንመርምረው። በዚህ ነገር ሦስት አሳብ ይነሣል።

አንደኛው፥ ወፊቱ ሌባ ናትና ብትሞት ይገባታል የሚል ነው። ነገር ግን ሌባ ለመባል የሰውን ገንዘብ የሰው መሆኑን ዐውቆ መውሰድ ያስፈልጋል። ፔሊካን በቀን 1 ኪሎ ያህል ዓሣ ትበላለች፤ ይህንም የምታገኘው ከባልንጀሮችዋ ጋር እንደ ግማሽ ክበብ ተሰልፋ ዓሣውን ጥልቀት ወደሌለው ውኃ እየነዳች ነው። ይህም ጥበብ ናይሎን ከመፈተሉ፥ ደንገልም ታንኳ ሆኖ ከመጠፈሩ በፊት የነበረ ነው። ባሕሩ ባለቤት አገኘ ብሎ የነገራት የለም። ስለዚህ ዓሣ አጥማጁ ቢገድላት ስለ ጥቅሙ ገደላት ይባላል እንጂ ፈረደባት አይባልም። ጥቅምንም በፍርድ ስም መጥራት ሐሰት ነው።

ሁለተኛው አሳብ፥ ሰው ከእንስሳ አይበልጥምና ዓሣ አጥማጁ መረቡን ሰብስቦ ባሕሩን ይልቀቅ የሚል ነው። ይህን የሚሉት ግን እራታቸውን ከባሕር የማይጠብቁ ሰዎች ናቸው። ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ ደቀ መዛሙርቱን በባሕር ዳር ባገኛቸው ጊዜ መረባቸውን በቀኝ በኩል እንዲጥሉ አዘዛቸው፤ 153 ዓሣም አወጡ። ማጥመድ በራሱ ግፍ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን ባላዘዛቸው ነበር።

ሦስተኛው፥ ሰው በፍጥረት ላይ ተሾሟል፤ ሹመት ግን ርስት አይደለምና ሹም የሚጠየቅበት ቀን አለው የሚል ነው። እኔም ከዚህ ጋር ነኝ። የኦሪት ሕግ በመንገድ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶችዋ ጋር እንዳይወስድ፥ በሬም ሲያበራይ አፉ እንዳይታሰር ማዘዙ ስለዚህ ነው። ነገር ግን በዚህ ሕግ ውስጥ እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ያላስተዋልሁት ነገር አለ። ሕጉ የሚያዝዘው ወፊቱን ያገኘውን ሰው ነው፤ የሚያዝዘው የበሬውን ባለቤት ነው። ከጎጆው አጠገብ የቆመ መንገደኛ ሌላውን ሰው ያዝዝ ዘንድ አልተባለም። ዋጋውም ከታዘዘው ሰው የሚወጣ ሆኖ ልኩ አንዲት ወፍ፥ ወይም ጥቂት እፍኝ እህል ነው። እኔ ግን በታንኳው ላይ መንገደኛ ሆኜ ሳለሁ እንደ ባለቤት አዘዝሁ፤ ያዘዝሁበትም ዋጋ የሰውየው መተዳደሪያ ነበር።

ይህን ስሕተት ከወዴት አመጣሁት? ብዬ በመረመርሁ ጊዜ ከገዛ ሙያዬ አገኘሁት። ባለቅኔ እንስሳን ሁሉ ሰም አድርጎ ወርቁን ያፈስስበታል፤ ወርቁ ከወጣ በኋላም ስለ ሰሙ የሚጨነቅ የለም። ቅዱስ ጳውሎስ የሚያበራየውን በሬ ለሠራተኛ ደመወዝ ምሳሌ ካደረገው ወዲህ እኛ መምህራን ደመወዛችንን አስበን በሬው በሬ መሆኑን ረሳን። እንዲሁም በመጻሕፍት ሰውን በውኃ ላይ የሚገናኘው እንስሳ ሁሉ አንዳች ነገር ይዞ ይመጣል። ዮናስን የዋጠው ዓሣ ወደ ተላከበት መለሰው፤ በጤግሮስ ወንዝ በጦብያ ላይ የወጣው ዓሣ የአባቱን ዓይን የሚያበራ ሐሞት ተገኘበት፤ ጴጥሮስ በመቃጥን ያወጣው ዓሣም በአፉ የግብር ገንዘብ ይዞ ነበር። ስለዚህ እኔም ወፊቱን ባየሁ ጊዜ ለእኔ ምን ይዛ መጣች? አልሁ። ምንም አልያዘችም። ወደ እኔ የተላከች አልነበረችም፤ የምትሻው መውጣት ብቻ ነበር። ጥቅም ይዞልን የመጣውን ፍጥረት መውደድ አያስቸግርም፤ ሰው የሚፈተነው ምንም ሳያመጣለት እንዲያውም ዓሣውን በነጠቀው እንስሳ ነው። ሰምም ቢሆን ወደ አንጥረኛው እጅ ከመግባቱ በፊት የንብ ቤት ነበረ።

ከዚህ በኋላ ደግሞ ወፊቱና ሰውየው በአንድ መረብ ላይ ስለ ምን ተገናኙ? ብዬ ጠየቅሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1986 ጀምሮ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና ረጃጅም የናይሎን መረቦች ወደ ጣና ገብተዋል። በጣና ከሌላ ስፍራ የማይገኙ፥ የአንድ ወገን የሆኑ 15 ያህል የዓሣ ዓይነቶች አሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ሊጥሉ እንደ ጉማራ፥ እንደ ርብና እንደ መገጭ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ። አጥማጅም መንገዳቸውን ዐውቆ በወንዙ አፍ ላይ መረብ ይዘረጋባቸዋል፤ በወንዙም ውስጥ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ እየበተነ የሚያደነዝዛቸው አለ። የዓሣ ሊቃውንት በ1991 እና በ2001 መካከል እየመዘኑ ባደረጉት ምርመራ፥ በመረብ የሚገኘው የዚህ ወገን ዓሣ ከ4 እጅ 3 እጅ ያህል ጎድሎ ተገኝቷል። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም በባሕሩ ላይ ታየ፤ ዳርቻውንም እየሸፈነ ታንኳንና መረብን አስቸገረ። ዓሣ ባነሰበት ባሕር የራበው ወፍና የቸገረው ሰው በአንድ መረብ ላይ ቢገናኙ አያስደንቅም። ዓሣውን ያሳነሰው ግን የወፊቱ ከረጢት አይደለም፤ የአንድ ታንኳ መረብም ብቻውን አይደለም። ዋጋው ይርከስልን እያልን የምንገዛው የከተማ ሰዎችም እጃችን አለበት፤ በባሕሩ ላይ ስላልተገኘን ብቻ ንጹሐን መስለን እንታያለን።

ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቷል። ዓሣው እንቁላሉን በሚጥልበት ወራት ማጥመድ ይከልከል የሚለውም ምክር መልካም ነው፤ ልጅዋን ሳትወልድ እናቲቱን መብላት የኦሪቱን ሕግ መጣስ ነውና። ነገር ግን በእነዚያ ወራት ዓሣ አጥማጁ ልጆቹን ምን ያበላል? ብሎ ሳይጠይቅ የሚከለክል ሰው እኔ በታንኳው ላይ የሠራሁትን ይሠራል። በሌላው መረብ ላይ ይራራል።

ታዲያ ምን እናድርግ? የሚል ቢኖር፥ ነገሩ ከአቅማችን በላይ አይደለም። በክረምት ሆድዋ እንቁላል የሞላባትን ዓሣ አንግዛ። ስለ ምሕረት መረቡን ለቈረጠ ሰው ደግሞ እናዋጣለት። በዕድራችን ቤቱ ለተቃጠለበት፥ በሬው ለሞተበት ሰው እናዋጣ የለምን? እንዲህ ከሆነ ሁሉም መረቡን እየቈረጠ ወፍ ያዘብኝ ይላል የሚል ተቃዋሚ ይነሣ ይሆናል። በዕድርም ውሸተኛ አይጠፋም፤ ስለዚህ ብሎ ግን ዕድሩን ያፈረሰ የለም።

አንድ ጥያቄ ገና ይቀራል። ያ ሰው በዚያ ጠዋት ስለ ልጆቹ ብሎ የወፊቱን አንገት ቢቈርጥ ኖሮ በደለኛ ይሆን ነበርን? እኔ ስመልስ፥ በደል አይደለም አልልም፤ ወፊቱ ምንም አልበደለችምና። ነገር ግን በደሉ የእርሱ ብቻ አይሆንም ነበር። ከዚያ መረብ የወጣውን ዓሣ በርካሽ ገዝተን የበላን ሁሉ እንካፈለው ነበር፤ ከሁሉም ይልቅ አጠገቡ ተቀምጬ ኪሴን ሳልዳስስ በቃል ብቻ የራራሁት እኔ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ዘጌ ተመለስሁ። ሰውየው በባሕሩ ዳር ተቀምጦ መረቡን ሲጠግን አገኘሁት። የተበላሸውን ያህል የሚሆን ገንዘብ አውጥቼ ሰጠሁት። ቈጠረውና ግማሹን መለሰልኝ።

«የኔታ፥ ግማሹ ይበቃል።»

«ስለ ምን?»

«እኔም እንድትሞት አልፈለግሁም ነበር።»

«ካልፈለግህ ታዲያ ለምን ጠየቅኸኝ?» አልሁት።

ክሩን በጥርሱ በጥሶ ጥቂት ዝም አለና «ብቻዬን እንዳልቈርጠው ብዬ ነው» አለኝ።

እኔ ምሕረትን ያስተማርሁት መስሎኝ ነበር። ምሕረቱ ግን እኔ አፌን ሳልከፍት በእርሱ ዘንድ ነበረ፤ ይፈልግ የነበረው የሚያዝዘውን አይደለም፥ የሚካፈለውን ነው። ለዚህ የምመልሰው ቃል ስላጣሁ አጠገቡ ተቀመጥሁና እስኪመሽ ድረስ የመረቡን ጫፍ ያዝሁለት።